የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ስሙ ሳይለወጥ ሥራው የተለወጠው ተጫዋች

ጥያቄ፦ በድሬዳዋ ከዚራ ነዋሪ ስሆን፣ በሳተላይት ቴሌቪዥን የራግቢ ሊግ ጨዋታ እከታተላለሁ። «ሁከር» የሚባለው ተጫዋች ስሙ «ጠላፊ» ማለት እንደሆነ ተነግሮኛል፤ ይሁንና ኳስ በእግሩ ሲጠልፍ አይቼው አላውቅም። ምክንያቱ ምንድን ነው?

መልስ፦ ጠያቂያችን ያስተዋሉት ትክክል ነው። ቀድሞ አንድ ቡድን ኳሱን እስካልተነጠቀ ድረስ ያለ ገደብ ይዞ መጫወት ይችል ስለነበር፣ ሁለቱ ወገኖች ተቃቅፈው በሚገፋፉበት ስክረም ኳሱን በእግሩ ወደ ወገኑ የሚስበው ሁከር እጅግ ተፈላጊ ነበር። እንግሊዝ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1966 አንድ ቡድን ኳስ እንደያዘ በተጋጣሚ ተይዞ መቆም (ታክል) የሚችለው አራት ጊዜ ብቻ እንዲሆን ተደነገገ፤ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ቁጥሩ ወደ ስድስት ከፍ አለ። ስክረሙም ከጊዜ በኋላ ብርቱ ፉክክር የሌለበት፣ በእኔ እይታ ለወጉ ያህል የሚደረግ ሥርዓት ሆኖ ቀረ።

ሁከሩ ግን ሥራ አልፈታም። ኳስ የያዘ ተጫዋች በተጋጣሚ ተይዞ በቆመ ቁጥር ከኋላው ኳሱን አንሥቶ ማቀበል፣ መሮጥ ወይም መምታት የሚወስነው በአብዛኛው እርሱ ነው። በአውስትራሊያ ሊግ 430 ጨዋታዎችን ያደረገው ካሜሮን ስሚዝ የዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ ነው።

1 ቁጥር ለባሹ ፉልባክም ቢሆን፣ በድሬ ሜዳዎች እንደምናውቀው በረኛ ከኋላ ቆሞ መጠበቁን ትቶ፣ ዛሬ ማጥቃቱን ከሚያቀናብሩት አንዱ ሆኗል።