ኤክስፒ አዲሱን ዲስክ አላይም ሲል

ቡራዩ ላይ የሀበሻ ቀሚስ ጥልፍ የምትሠራ እህት ጻፈችልኝ። ማሽኗን የሚያዘው ኮምፒውተር የሚሠራው በዊንዶውስ ኤክስፒ ነው፤ የጥልፍ ፕሮግራሙ ሌላ ዊንዶውስ ላይ አይነሳም። አሮጌው ሃርድ ዲስክ ቀጭ ቀጭ ማለት ሲጀምር ባለ 240 ጊጋባይት ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ነገር የሌለው አዲሱ የዲስክ ዓይነት) ገዝታ ሰካች። የኤክስፒውን ሲዲ ስታስገባ ፋይሎቹን ይጭናል፣ ይጭናል፣ ከዚያ ሰማያዊ ስክሪን። የስህተቱ ቁጥር መጨረሻ 7ቢ ነው። ሁለት ሲዲ ቀየረች፣ ያው። አንድ ጥገና ቤት ደግሞ «ዲስኩ አይሠራም፣ መልሺው» ብሏታል።

እህቴ፣ አትመልሺው። 7ቢ ማለት ዲስኩ ተበላሸ ማለት አይደለም፣ ኤክስፒ ዲስኩን ማግኘት አልቻለም ማለት ነው።

ከሁሉ በፊት ግን የአሮጌውን ዲስክ ነገር እንጨርስ። ቀጭ ቀጭ የሚል ዲስክ ዕድሜው በሰዓት የሚቆጠር ሊሆን ይችላል። «እስቲ ዛሬ ይነሳ ይሆን» እያልሽ ደጋግመሽ አታብሪው። ሌላ ኮምፒውተር ላይ እንደ ሁለተኛ ዲስክ ይሰካ፣ መጀመሪያ የዲዛይን ፋይሎችሽን፣ ዲኤስቲም ሆነ ኢኤምቢ የሚል ቅጥያ ያላቸውን በሙሉ፣ ገልብጪ። ዊንዶውስ እንደገና ይጫናል። የዓመታት የጥልፍ ንድፍ ግን አንዴ ከጠፋ ማን ይመልሰዋል? ይሄን ሳይጨርሱ ወደ ጭነት የገቡ ደንበኞች አጋጥመውኛል፣ እስካሁን ያሳዝኑኛል።

አሁን ወደ 7ቢ። ኤክስፒ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው። ዛሬ የሳታ ዲስኮች (በሳታ ገመድ የሚሰኩት) ከማዘርቦርድ፣ ማለትም ከኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ፣ ጋር የሚነጋገሩበት ኤኤችሲአይ የሚባለው መንገድ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፣ ስለዚህ ሲዲው ውስጥ ድራይቨሩ፣ ማለትም ዊንዶውስን ከዕቃው ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም፣ የለም። ማይክሮሶፍት ከዊንዶውስ ጋር አብሮ ማስገባት የጀመረው ከቪስታ ነው። መጀመሪያ ላይ ሲዲውን የሚያነብለት ባዮሱ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው የቦርዱ የራሱ ፕሮግራም) ስለሆነ ሁሉም ደህና ይመስላል፤ ኤክስፒ በራሱ ዓይን ዲስኩን መፈለግ ሲጀምር ነው የሚጠፋበት።

መፍትሔው ብዙ ጊዜ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ዲሊት (አንዳንዱ ላይ ኤፍ2 ወይም ኤፍ10) እየተጫንሽ ባዮስ ግቢ። «ሳታ ሞድ» የሚለውን ፈልጊ። ኤኤችሲአይ ላይ ከሆነ ኤክስፒ ወደሚያውቀው አሮጌው መንገድ፣ ወደ አይዲኢ፣ ቀይሪው፤ ቦርዱ ላይ «ኮምፓቲብል» ወይም «ሌጋሲ» ብሎ ሊጽፈው ይችላል። ሴቭ አድርገሽ ውጪ። ከተጫነ በኋላም ወደ ኤኤችሲአይ እንዳትመልሺው፣ 7ቢ ተመልሶ ይመጣል።

አይዲኢ የሚል ምርጫ ከሌለ ድራይቨሩን መስጠት አለብን። ሲዲው ሲጀምር ኤፍ6 ተጫኑ ይላል፣ ግን የሚቀበለው ከፍሎፒ ብቻ ነው፣ ፍሎፒ ደግሞ ዛሬ ከየት ይመጣል? ስለዚህ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ኤንላይት በሚባል ፕሮግራም የቦርድሽን የሳታ ድራይቨር ከኤክስፒው ጋር ቀላቅለሽ አዲስ ሲዲ ታቃጥያለሽ።

ሲዲው ሰርቪስ ፓክ 3 (የማይክሮሶፍት የማሻሻያ ጥቅል) ያለው ይሁን። የመጀመሪያው፣ ምንም ሰርቪስ ፓክ የሌለው ኤክስፒ ከ137 ጊጋባይት በላይ አያይም፤ ያንቺ 240 ነው።

ሌላው ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር ክፍፍሉ፣ ዲስኩን ፓርቲሽን ማድረጉ፣ ነው። ኤክስፒ ራሱ ሲከፍል ከሴክተር 63 ይጀምራል (ሴክተር ማለት የዲስኩ ባለ 512 ባይት ቁራጭ ነው)። ኤስኤስዲ ደግሞ ውስጡ የሚሠራው በ4096 ባይት ብዜት፣ ማለትም በስምንት ስምንት ሴክተር ነው፣ 63 ለ8 አይካፈልም፤ ስለዚህ አንድ ቦታ መጻፍ የነበረበት ሁለት ቦታ ይነካል፣ ይዘገያል፣ ዲስኩም ቶሎ ያልቃል። ዲስኩን ዊንዶውስ 7 ወይም 10 ያለው ኮምፒውተር ላይ ሰክተሽ እዚያ ክፈይው። የክፍፍሉን ዓይነት ሲጠይቅሽ ኤምቢአር በይው፣ ጂፒቲ አይሆንም። በኤንቲኤፍኤስ ፎርማት አድርጊና አክቲቭ (ኮምፒውተሩ የሚነሳበት ክፍል) አድርጊው። ወደ 40 ጊጋባይት ገደማ ሳትከፍይ ተዪለት፤ ኤክስፒ ኤስኤስዲን የሚያጸዳው ትሪም የሚባለው ነገር የለውም፣ ያ ባዶ ቦታ ለዲስኩ መተንፈሻ ይሆነዋል። ከዚያ ኤክስፒውን ስትጭኚ ክፍሉን አታጥፊው፣ እንዳለ ተዪው የሚለውን ምረጪ። ዲፍራግም (ፋይሎችን ዲስኩ ላይ መልሶ መደርደር) አታድርጊ።

መብራት የሚጠፋ ከሆነ ያለ ዩፒኤስ አትጀምሪ። ይሄን ኮምፒውተር ኢንተርኔት ላይ አታገናኚው፤ የኤክስፒ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 8 ቀን 2014 አብቅቷል። የደንበኛ ፍላሽም መጀመሪያ ሌላ ቦታ በአንቲቫይረስ ይታይ። የጥልፍ ፕሮግራሙ ዶንግል (ፈቃዱን የሚይዝ የሚሰካ ቁልፍ) ካለው ድራይቨሩ ሳይጫን አትሰኪው።

ሁሉም ሲሠራ፣ በዚያው ቀን፣ ሥራ ሳትጀምሪበት፣ ክሎንዚላ በሚባል ዲስክ መገልበጫ ፕሮግራም ሙሉ ቅጂውን ሌላ ዲስክ ላይ አውጪ። ባዮሱ ውስጥ አይዲኢ ካጣሽ የማዘርቦርዱን ሞዴል ቁጥር ላኪልኝ፣ ቦርዱ ላይ በትልቁ ተጽፎ ታገኚዋለሽ፤ ድራይቨሩን አብረን እንፈልጋለን።