ባህር ዳር ሆነሽ ቦክስ ጊታር ልትገዢ ከሆነ ይህን ሳታነቢ ብር እንዳትከፍዪ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አይቼ ማለፍ አልቻልኩም። «የማርቲን ጊታር ድምፅ ልቤን ወሰደው፤ ዋጋው ግን የማይቀመስ ሆነብኝ። ባህር ዳር ነው ያለሁት። በአቅሜ የሚገዛ፣ ወደዚያ ድምፅ የሚጠጋ ምን አለ?» ነው ያልሽው። በ2011 ዓ.ም. እኔም ይህንኑ ጥያቄ ይዤ ስዞር ነበር። የሚነግረኝ ሰው አጥቼ አንድ ጊታር ሰባብሬ፣ የሁለት ወር ደመወዜን አቃጥዬ ነው የተማርኩት። አንቺ ላይ እንዳይደገም ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ።

1. መጀመሪያ ስሙን ከልብሽ አውጪው። ማርቲን እ.ኤ.አ. ከ1833 ጀምሮ ጊታር የሚሠራ ቤት ነው። የሰማሽው ዲ 28 የሚባለውን ከሆነ፣ ፊቱ ሙሉ የስፕሩስ ጣውላ፣ ጀርባና ጎኑ ደግሞ ሮዝውድ ነው። የምትከፍዪው ለእንጨቱና ለሥራው ነው። ርካሾቹ ፊታቸውም ጀርባቸውም ኮምፔንሳቶ ነው። ሙሉ ጣውላ ድምፁ ሰፋ ይላል፣ ይህን አልክድም። ግን የኛን አየር አስቢ። ክረምት ላይ ግድግዳው ሳይቀር ያልባል። ከዚያ በጋው ሲገባ እስከ ሚያዝያ ድረስ ሁሉ ነገር ይደርቃል። ሙሉ ጣውላ በእርጥበት ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። የሚመከረው የአየር እርጥበት ከ45 እስከ 55 በመቶ ነው። አንቺም እንደኔ ቆርቆሮ ጣሪያ ስር ተከራይተሽ የምትኖሪ ይመስለኛል፤ እዚያ ይህን መጠበቅ ዘበት ነው። ኮምፔንሳቶ ግን ይችለዋል። እንዲያው ለኛ ኑሮ ኮምፔንሳቶ ይሻላል ብዬ ነው የማምነው።

ስም ካስፈለገሽ፣ ያማሃ ኤፍ 310 ኮምፔንሳቶ ፊት ያለው የጀማሪ ጊታር ነው። ኤፍጂ 800 ደግሞ ሙሉ የስፕሩስ ፊት አለው። ሁለተኛው በደህና ዋጋ ከተገኘ ውሰጂው፤ ሁልጊዜ ግን ከነቦርሳው አስቀምጪው።

2. በእጅሽ ሳትይዢው አትግዢ። እኔ የተቃጠልኩት እዚህ ላይ ነው።

አዲስ አበባ ያለ አንድ ሱቅ ስልክ ደወልኩ። «ያማሃ አለኝ፣ እንደ አዲስ ነው» አለኝ። 4 ሺህ 200 ብር ላክሁ። በአውቶቡስ ጭኖ ላከልኝ። የጭነት ክፍሉ ውስጥ ሳጥኑን ከፍቼ ልየው ብል የተቀመጠችው ልጅ ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ «መጀመሪያ ፈርም» አለችኝ። ፈረምኩ። ከፈረምኩ በኋላ ሳጥኑን ስከፍት ጎኑ ላይ ተጭሯል። «ፈርመህ ተረክበሃል» ብላ መስኮቱን ዘጋችብኝ። እስካሁን ትዝ ሲለኝ ያንገበግበኛል። የሰው ገንዘብ ነው፤ አንድ ደቂቃ ከፍቶ ማየት ምን ነበረበት?

ጭረቱ ግን ትንሹ ነገር ነበር። ጊታሩ ናይሎን ክር የሚታሰርበት ክላሲካል ሆኖ ተገኘ። ያኔ ልዩነቱን አላውቅም። እንድታውቂው ልንገርሽ። የክላሲካል ጊታር አንገት ሰፊ ነው። ክሩ በታች በኩል ድልድዩ ላይ፣ ማለትም ፊቱ ላይ የተጣበቀችው ክር መያዣ እንጨት ላይ፣ በቋጠሮ ይታሰራል። የሽቦ ክር የሚገጠምበት ቦክስ ጊታር ግን አብዛኛውን ጊዜ ድልድዩ ላይ ስድስት ትንንሽ ፒኖች ይኖሩታል። አንቺ የወደድሽው የማርቲን ድምፅ የሽቦ ክር ድምፅ ነው።

ለባለሱቁ ደወልኩለት። «ድምፁ ለስላሳ ሆነብኝ፣ እኔ የምፈልገው ቅጭል ቅጭል የሚለውን ነው» አልኩት። «ሽቦ ክር ግጠምበት፣ ሁሉም ያው ነው» አለኝ። አመንኩት። 450 ብር ሰጥቼ ሽቦ ክር ገዛሁና ገጠምኩ።

አሥራ አንድ ቀን ደስ ብሎኝ ተጫወትኩ። ማታ ማታ ጣና ዳር ይዤው እወርድ ነበር። በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ መጋቢት ነው፣ ቀትር ላይ ሥራ ቦታ ነበርኩ። ስመለስ አከራዬ በር ላይ ቆመው «አንተ ቤት ውስጥ አንድ ነገር እንደ ጥይት ጮኸ» አሉኝ። ገባሁ። ድልድዩ ከፊቱ ጣውላ ላይ ተገንጥሎ ክሩ ላይ ተንጠልጥሏል።

ባለሱቁ ጋ ስደውል ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ሽቦ ክር ማን ግጠም አለህ?» ከዚያ ወዲህ ስልኬን አላነሳም።

ሰፈር ያለ አናጢ ጋ ወሰድኩት። ሰውዬው በር ሲሠራ እጁ ይባረካል፤ ጊታር ግን ሌላ ሙያ ነው። በሁለት ብሎን መታው። ለአንድ ሳምንት ያዘ። ከዚያ ፊቱ በብሎኑ መስመር ተሰነጠቀ። አለቀ።

በኋላ ድሮ ባንድ ውስጥ ይጫወቱ የነበሩ አንድ ጋሼ አስረዱኝ። የናይሎን ክሮች ስድስቱም ተደምረው ጊታሩን የሚስቡት በ40 ኪሎ ገደማ ነው። የሽቦ ክሮች ግን 70 ኪሎ ያህል ይስባሉ። ክላሲካል ጊታር ከውስጥ የተደገፈው ለ40ው ነው። በዚያ ላይ የቆርቆሮ ቤት ሙቀት ኮላውን ያላላዋል። ድልድይ እንደገና ሲጣበቅም ቫርኒሹ እስከ እንጨቱ ተፍቆ፣ በእንጨት ኮላ ተይዞ፣ በሞርሳ ታስሮ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን መቆየት አለበት እንጂ ብሎን አይነካውም። ይህን ቀድሜ ባውቅ ያ ጊታር ዛሬም በናይሎን ክሩ ይዘፍን ነበር።

3. አሁን የምጫወትበትን እንዴት እንዳገኘሁት ልንገርሽ። ፔዳና ፖሊ በሚባሉት የባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች አካባቢ ተማሪዎች ተመርቀው ሲወጡ ዕቃቸውን ይሸጣሉ። ፍራሽ፣ ምድጃ፣ መጽሐፍ፣ አንዳንዴም ጊታር። ወደ ሀገሩ የሚመለስ ልጅ ጊታር ተሸክሞ አውቶቡስ መግባት አይፈልግም። እኔ ፖሊ በር ላይም፣ ፔዳም ላሉ ዘበኞችና ሻይ ቤቶች ነግሬ ቆየሁ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ስሙን ሰምቼው የማላውቅ የቻይና ቦክስ ጊታር መጣልኝ። 2 ሺህ 800 ብር። ፊቱ ኮምፔንሳቶ፣ ድልድዩ ባለ ፒን።

ከመክፈሌ በፊት ያየሁትን አንቺም እይ። አንገቱን እንደ ጠመንጃ ዓይንሽ ላይ አድርጊና ከጫፍ እስከ ጫፍ ተመልከቺ፤ የተጣመመ ከሆነ ተመለሺ። ወፍራሙን ክር አንደኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ በአግድም ያለው የብረት መስመር) ላይና አንገቱ ከሳጥኑ የሚጋጠምበት ላይ ተጫኚው። መሀል ላይ የወረቀት ያህል ክፍተት ካለ ደህና ነው። እያንዳንዱን ፍሬት በስድስቱም ክር አሰሚ፤ ዝዝ የሚል ካለ ንገሪውና ዋጋ አስቀንሺ። ድልድዩ ሥር ጥፍርሽን ለማስገባት ሞክሪ። ከገባ መነሳት ጀምሯል ማለት ነው። ሻጩ «አትነካኪው» ካለሽ ጥለሽው ውጪ።

የኔው ክሩ ከፍሬቱ በጣም ይርቅ ነበር። 12ኛው ፍሬት ላይ በማስመሪያ ስለካው 3.5 ሚሊ ሜትር ሆነ። ጣት ይቆርጣል። ድልድዩ ላይ ክሩ የሚያርፍባትን ነጭ ስንጥር አውጥቼ ከሥሯ 2 ሚሊ ሜትር በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግኋት። 12ኛው ላይ በግማሹ፣ በ1 ሚሊ ሜትር ወረደ። 2.5 ለሽቦ ክር ጥሩ ነው። ቀስ ብለሽ ፈግፍጊ፤ አንዴ ከበዛ አይመለስም። ከዚያ ቀጠን ያለ አዲስ ክር ገጠምኩ። የድምፁ ግማሽ ክሩ ላይ ነው ብልሽ አላጋነንኩም።

አምና አንድ ሰርግ ላይ ውጭ አገር ከቆየ ልጅ ጋር ተጫወትን። እሱ የያዘው የኔን ሃያ እጥፍ የሚያወጣ ነው። ሲጨርስ መጥቶ ጊታሬን ከእጄ ወሰደና ገለባብጦ አየው። «ይሄ ምንድን ነው? ማነው የሠራልህ?» አለኝ። እኔ ራሴ ነኝ አልኩት። ያን ቀን ያ ሁሉ ኪሳራ ከላዬ ወረደ።

4. ልትጫወቺ የምትፈልጊው በዋናነት ትዝታና ባቲ ከሆነ ግን ስለ ማርቲን ድምፅ ብዙ አትጨነቂ። ትዝታ ዶ ሬ ሚ ሶል ላ ነው፤ አምስት ድምፅ። ናይሎን ክር ላይ እንደ ክራር ሆኖ ያምራል፣ ጣትም አያደማም። ክላሲካል በርካሽ ካገኘሽ በናይሎኑ ተጫወቺበት። ሽቦ ብቻ እንዳታስነኪው።

ቤት ውስጥ ከቆርቆሮው ራቅ አድርገሽ፣ ፀሐይ በማያገኘው ግድግዳ በኩል አኑሪው። ለረጅም ጊዜ የማትነኪው ከሆነ ክሩን ትንሽ አላሊው።

ጊታር ሲገኝልሽ አንገቱን ከጎን፣ ድልድዩን ደግሞ ከቅርብ ፎቶ አንሺና ብር ከመስጠትሽ በፊት እዚሁ ለጥፊው። አይቼ እነግርሻለሁ።