እምብርቷ ላይ የደረሰው በትር

ውድ አዘጋጅ፣

ትዕግስቴ ቢያልቅ ነው የምጽፍልዎ። ልጄ 9 ዓመቷ ነው፤ ከተወለደች ጀምሮ አታይም። አማቴ አብረውን ይኖራሉ። እኔ «ቁጭ በይ፣ አመጣልሻለሁ» ያልኳትን እሳቸው «ሂጂና አምጪ» ይሏታል። ውሃ ቅጂ፣ ጫማሽን ፈልጊ፣ ጎረቤት ሄደሽ ጥሪልኝ። ስናገራቸው «እስከ መቼ አዝለሻት ትኖሪያለሽ?» ነው መልሳቸው። በቀደም «ሳህኑ እዚያ ጋ አለ፣ አምጪው» ብለው ልከዋት ገርበብ ያለ በር ግንባሯን ፈነከታት። ይኸው፣ አልኳቸው። እሳቸው ግን በማግስቱም ላኳት። ደጅ ስትወጣም ነጭ በትሯን ይዛ ከዕቃ ጋር ትጋጫለች። በትሩን ያገኘችው በ6 ዓመቷ ነው፤ አሁን እምብርቷ ላይ ይደርሳል፣ እሱስ ግድ የለም። እኔ እጇን ይዤ ስንሄድ ግን ተደናቅፋ አታውቅም። 12 ዓመት እስኪሞላት በትሩን ብደብቀውስ? አማቴንስ ምን ልበላቸው?

የጨነቃት እናት

እህቴ፣

አትደብቂው። ይልቅ ቀይሪው። «እሱስ ግድ የለም» ብለሽ ያለፍሽው ነው ዋናው ጣጣ። በትር መሬት ላይ ሲቆም ቢያንስ ደረቷ መሃል ድረስ መምጣት አለበት፤ በማደግ ላይ ላለች ልጅ እስከ አገጯ ቢጠጋም ጥሩ ነው። ያጠረ በትር ዕቃውን ሲነካ እግሯ እርምጃውን ጀምሯል፤ ለመቆም ጊዜ አይተርፋትም። እጥረቱን ለማካካስ ጎንበስ ስትል ደግሞ ግንባሯ ይቀድማል። ጫፉንም ዳብሺው፤ በአንድ ወገን ከተበላ ስንጥቅ ውስጥ እየገባ ይቀረቀራል።

አዲሱን ስትይዝ እጇ ከእምብርቷ ፊት ለፊት መሃል ላይ ይሁን፣ አመልካች ጣቷ በእጀታው ላይ ይዘርጋ። ጫፉ ከትከሻዋ ስፋት በየጎኑ ጥቂት ሴንቲ ሜትር አልፎ ይወዛወዝ። ግራ እግሯ ሲራመድ ጫፉ ወደ ቀኝ፣ ቀኝ እግሯ ሲራመድ ወደ ግራ፦ ቀጣዩ እግር የሚያርፍበትን ቦታ ቀድሞ የሚፈትሸው እንዲህ ነው። እስክትለምድ ጫፉን ከመሬት ሳታነሳ ታንሸራትተው። ክንዷ ሲደክም ወደ አንድ ጎን ብቻ ማወዛወዝ ትጀምራለች፤ ያኔ አሳርፊያት።

ግንባሯን የፈነከታት መላኳ አይደለም፣ በሩ ነው። ገርበብ ያለ በር ጠርዙ ቀጭን ስለሆነ በተዘረጉት እጆቿ መሃል ሾልኮ ፊቷን ያገኛታል። በትሩም ከወገብ በላይ ያለውን አያገኝላትም። ስለዚህ በቤታችሁ በር ወይ ግድግዳው ድረስ ይከፈታል፣ ወይ ይዘጋል፤ የቁም ሳጥንም እንዲሁ። ለሷም አንድ ክንዷን አጥፋ በግንባሯ ትክክል አግድም ማንሳትን አስተምሪያት፣ መዳፏ ወደ ውጭ፣ ከፊቷ አንድ ስንዝር ያህል ራቅ ብሎ። ግድግዳ ተከትላ ስትሄድ በጣቶቿ ጀርባ ትዳስስ፤ ጫፋቸው ወደ ውስጥ ካልታጠፈ ስንጣሪ ይወጋታል።

እጇን ስትይዣት የማትደናቀፈው መንገዱን አንቺ ስለምትሄጂላት ነው፤ እሷ እየተጎተተች ነው። ከዛሬ ጀምሮ እሷ ትያዝሽ። ከክርንሽ ከፍ ብላ፣ ካልደረሰች የእጅሽን አንጓ ይዛ፣ ግማሽ እርምጃ ከኋላሽ ትሁን። ደረጃ ስትወጪና ስትወርጂ የሰውነትሽ እንቅስቃሴ ቀድሞ ይነግራታል። ፈርተሽላት እንደሆነ ይገባኛል፤ ግን በ12 ዓመቷ በትር የምትጀምር ልጅ ያንን ሁሉ ዓመት ሰው እስኪመጣ ቁጭ ብላ መጠበቅን ነው የምትማረው።

እኔ ከአማትሽ ጎን ነኝ። የማልቀበላቸው «እዚያ ጋ» ማለታቸውን ብቻ ነው። «ከበሩ በስተቀኝ፣ ሁለተኛው መደርደሪያ ላይ» ይበሏት፤ ዕቃ ሲያዛውሩም ይንገሯት። ጎረቤት ከመላኳ በፊት መንገዱን አብራችሁ ሂዱ፦ ጠጠሩ አልቆ ሲሚንቶ የሚጀምርበትን በበትሯ ትወቀው፣ አጥሩ የሚያልቅበትን በእጇ ትዳስሰው። ከዚያ ድምፅሽን ሳታሰሚ ከኋላ ተከተያት፣ ከዚያ ደጅ ቆመሽ ጠብቂያት። መኪና የሚያልፍበት መንገድ ካለ ግን መሻገሩን ከእንቅስቃሴ አሠልጣኝ፣ ማለትም ማየት ለማይችሉ በበትር መሄድን ከሚያስተምር ባለሙያ፣ እስክትማር ብቻዋን አትላክ።

አማትሽን ምን ልበላቸው ላልሽው፦ «ልጅቷን አቁመን እንለካት፣ በትሩ አጥሯታል» በያቸው። በየ6 ወሩም ድገሙት።