የተሳቢ ሲ ቻናል በቱቦላሬ ይተካል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለአዘጋጁ። አርሲ ነው የምኖረው። በትራክተር የምትጎተት ባለ 4 ጎማ ተሳቢ አለችኝ። ሻንሲዋ ቁመቱ 100 ሚሊ የሆነ ሲ ቻናል ነው፣ አንዱን ጎን ዝገት በልቶታል። ከተፈታች አይቀር ብዬ በፊትና በኋላ ጎማ መሃል ያለውን 3 ሜትር 4 ላደርገው ነው። በያጁ «100 በ50 ቱቦላሬ፣ ባለ 3 ሚሊውን ግዛ፣ ዝግ ብረት ይበልጣል» አለኝ። ልግዛ?

መልስ፦ ኧረ አትግዛ! ሲ ቻናልህ መደበኛው ከሆነ፣ ማለትም ጀርባው (የቆመው ጎን) 6 ሚሊ፣ ክንፉ (ከላይና ከታች ወደ ጎን የወጣው) ደግሞ 8.5 ሚሊ ውፍረት ካለው፣ በሜትር 10.6 ኪሎ ይመዝናል። ያ ቱቦላሬ 7 ኪሎም አይሞላ። ከውጭ እኩል ይመስላሉ እንጂ ቱቦላሬው መጉበጥን የመቋቋም አቅሙ የሲውን ግማሽ ያህል ብቻ ነው። በያጁ ዝግ ብረት ይበልጣል ያለው መጠምዘዝን በመቋቋም ከሆነ እውነቱን ነው። የአንተ ችግር ግን መጉበጥ ነው።

ብረት ስትመርጥ ከውፍረቱ በፊት ቁመቱን እይ። 120 በ60 ባለ 4 ሚሊ ቱቦላሬ ክብደቱም ጉልበቱም ከድሮው ሲ ጋር ተቀራራቢ ነው። ሻጩ 4 ሚሊ ነው ስላለህ ብቻ አትመን፣ ሚዛን ላይ አውጣው። ባለ 6 ሜትሩ ወደ 60 ኪሎ ካልተጠጋ ቀጭን ነው።

ይህ ግን ርዝመቱ ሳይቀየር ነው። 3 ሜትሩን 4 ስታደርገው፣ ጠቅላላ ጭነቱ ባይጨምር እንኳ ብረቱን የሚያጎብጠው ኃይል በሲሶ ያድጋል። ቦታ አገኘሁ ብለህ እህሉን እስከ ጫፍ ከሞላኸው ደግሞ ጭማሪው ወደ 80 በመቶ ይጠጋል (አውቃለሁ፣ ትሞላዋለህ)። ስለዚህ እኔ ብሆን 120 ሲ ቻናል ነበር የምገዛው። በሜትር 13.4 ኪሎ ነው፣ ክብደቱ በሩብ ገደማ ሲጨምር ጉልበቱ ግን በግማሽ ገደማ ይጨምራል። ያም ቢሆን የሚበቃው ለድሮው ጭነት ነው። «ጠንካራ ስቲል ነው» ብለው ቀጭን ሊሸጡልህ ቢሞክሩ፣ ጠንካራ ስቲል ቶሎ ጎብጦ አይቀርም እንጂ መርገብገቡ ከተራው ብረት አያንስም።

ሁለቱንም ጎን ቀይር። አንዱ ሲ፣ ሌላው ቱቦላሬ ከሆነ አንዱ ሲጠማዘዝ ሌላው እምቢ ይላል፣ የእርሻ መሬት ላይ ደግሞ ብየዳው ነው የሚሰነጠቀው። ሙሉውን ዘንግ ሳትቀጥል ብትገዛ ጥሩ ነው። መቀጠል ግድ ከሆነ ከሁለቱ ጎማዎች እኩል መሃል ላይም፣ ባሌስትራው (ሞላው) የሚታሰርበት አጠገብም አይሁን። አግዳሚዎቹን ከሲው ጀርባ ጋር በይድ፣ የታችኛውን ክንፍ አቋርጦ የሚያልፍ ብየዳ አይኑር፤ ስንጥቅ ከዚያ ነው የሚጀምረው። ቀዳዳም ብትበሳ ጀርባው ላይ፣ ወደ መሃል አድርገህ ብሳ፣ ክንፉን አትንካ።