«እማዬ፣ ቀደምኩሽ!»፦ ከልጅ ጋር ስለመሮጥ ጥያቄና መልስ

ከልጅ ጋር የመዝናኛ ሩጫ ስለመግባት የሚደርሱኝ ጥያቄዎች በርክተዋል። ብዙዎቹ ስለሚመሳሰሉ ጥቂቱን መርጬ ልመልስ። አንድ ነገር ግን ቀድሜ ልናገር፤ ከልጃችሁ ጋር ከተመዘገባችሁ የዚያን ቀን በስንት ሰዓት ገባሁ የሚለውን እርሱት። በዚህ የማይስማማ ሌላ ቀን ብቻውን ይሩጥ።

ጥያቄ፦ ልጄ 6 ዓመቷ ነው። 5 ኪሎ ሜትር ካልሮጥኩ ብላ አስቸገረችኝ። እናቴ ደግሞ «አጥንቷን ትጎጃታለሽ» ትለኛለች። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ጥያቄው ከእሷ መምጣቱ ደስ ይላል፣ ብዙ ጊዜ ልጁን የሚያስቸግረው ወላጅ ነውና። የእናትሽ ስጋት ይገባኛል፤ ግን ጤነኛ ልጅ እንደ አቅሙ ሮጦ፣ ሲደክመው ተራምዶ አጥንቱ አይጎዳም። የዓለም ጤና ድርጅት እኮ ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን በአማካይ ቢያንስ 60 ደቂቃ ልብ ምታቸው ከፍ እስኪል እንዲንቀሳቀሱ ይመክራል። ችግር የሚመጣው ትልቅ ሰው ፕሮግራም አውጥቶ ልጁን በየቀኑ ያንኑ ነገር ያለ እረፍት ሲያስደጋግመው ነው።

ርቀቱ ላይ ግን እኔም ቅር ይለኛል። 5 ኪሎ ሜትር ለ6 ዓመት ልጅ ረጅም ነው። የ1 ወይም የ2 ኪሎ ሜትር የልጆች ሩጫ ካለ ከዚያ ጀምሩ። በብዙ አገሮች በነፃ የሚካሄደው ፓርክረን የተባለው የሩጫ ዝግጅት እንኳን ቅዳሜ ከሚያዘጋጀው የ5 ኪሎ ሜትር ሩጫ ሌላ ከ4 እስከ 14 ዓመት ላሉ ልጆች እሁድ የ2 ኪሎ ሜትር አለው። ከ5 ኪሎ ሜትር በቀር ምንም አማራጭ ከሌለ ቀደም ብለሽ አንድ ቀን 3 ኪሎ ሜትር ያህል በእግር አብረሻት ሂጂ። ሳታማርር ከጨረሰች በሩጫና በእርምጃ እያቀላቀለች 5ቱን ትወጣዋለች። ካማረረች መልሱን አገኘሽ።

ጥያቄ፦ የ8 ዓመት ልጄ «ጀምሩ» ሲባል እንደ ጥይት ይወጣና ብዙም ሳይርቅ «አባዬ ደከመኝ» ይላል። ቀስ በል ብለው አይሰማም።

መልስ፦ አይሰማህም፣ ምክንያቱም «ቀስ» ምን ያህል እንደሆነ ገና አያውቅም። ጉልበትን መመጠን ከልምድ የሚመጣ ነገር ነው፣ ትልልቅ ሰዎችም እኮ በየሩጫው ሲያቅታቸው እናያለን። ስለዚህ በቃል ሳይሆን በአቋቋም ጀምር። መነሻው ላይ ከኋላ፣ ወደ ጠርዙ ቁሙ። ከኋላ ስትሆኑ የሰዉ ብዛት ራሱ ያዘገየዋል፣ ፈጣኖቹም አይገፉትም፤ ጠርዝ ላይ መሆናችሁ ደግሞ የጫማው ማሰሪያ ሲፈታ (ይፈታል!) ወጣ ለማለት ይመቻችኋል።

ከዚያ አስወራው። ስለ ጓደኞቹ፣ ስለሚወደው ጨዋታ፣ ስለፈለገው ነገር ይለፍልፍ። ሙሉ ዓረፍተ ነገር እየተናገረ መሮጥ ከቻለ ፍጥነቱ ልክ ነው፤ ቃል በቃል እየቆራረጠ ከሆነ ፈጥኗል ማለት ነው። ደግሞ «እስከዚያ ዛፍ እንሮጣለን፣ ከዛፉ እስከ ምሰሶው እንራመዳለን» እያልክ ከፋፍለው። ዋናው ነገር እርምጃውን ከመድከሙ በፊት ማስገባት ነው፤ ደክሞት ከቆመ በኋላ እንደገና ማስነሳት አበሳ ነው። መጨረሻው መስመር ሲታይ ልቀቀው። የት እንደደበቀው የማይታወቅ ጉልበት ያወጣል። አንተ መከተል ካቃተህ እሱ የራስህ ጉዳይ ነው።

ጥያቄ፦ የ4 ዓመት ልጄን እጁን ይዤ ብሮጥስ?

መልስ፦ እሱ ይያዝሽ እንጂ አንቺ አትጎትቺው። የትንንሽ ልጆች የክርን መገጣጠሚያ ገና ጠንካራ ስላልሆነ በድንገት እጃቸው ሲጎተት አጥንቱ ከቦታው ሊንሸራተት ይችላል፤ ሐኪሞች ደጋግመው የሚያዩት ጉዳት ነው። አንድ ጣት ስጪው፣ ሲፈልግ ይለቃል።

ጥያቄ፦ መሃል ላይ ቁጭ ብሎ ቢያለቅስና «አልሮጥም» ቢልስ? ባለቤቴ «የጀመረውን መጨረስ ይልመድ» ባይ ነው።

መልስ፦ መጀመሪያ የሚያስለቅሰውን ለዪ። የሚያነክስ፣ የሚያዞረው፣ የሚያቅለሸልሸው፣ ደረቱን የሚያመው ወይም ትንፋሽ የሚያጥረው ከሆነ ሩጫው እዚያው አበቃ። ጥላ ፈልጊ፣ የሕክምና ቡድኑን ጥሪ። በተለይ በሞቃት ቀን አትዳፈሩ፤ ልጆች ከአዋቂ ያነሰ ነው የሚያልባቸው። አስም ካለበት መንፊያው መቼም ከኪስሽ አይለይ። ጎኑን ብቻ ከወጋው ግን ተራመዱ፣ በረጅሙ ይተንፍስ፣ ያልፋል።

ሕመም ካልሆነ፣ ወይ ደክሞታል ወይ ሰልችቶታል። ውኃ ጎንጨት ይበል፣ ትንሽ ተቀመጡ፣ «እየተራመድን እንጨርስ ወይስ እንውጣ?» ብለሽ ጠይቂው። እንውጣ ካለ ውጡ። ከባለቤትሽ ጋር የማልስማማው እዚህ ላይ ነው። ለደስታ ተብሎ የተገባ ሩጫ ላይ ልጅን እያስለቀሱ ማስጨረስ የሚያስተምረው ሩጫ መጥላትን ነው። «ሰው እያየህ ነው፣ አታፍርም?» የምትለዋን ደግሞ እባካችሁ ተዉአት። ስትወጡ ግን ለአስተባባሪዎቹ ንገሯቸው፣ የቀረ ሰው አለ ብለው እንዳይፈልጓችሁ።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 54 ነው፣ ልጄ 10። ስፖርት ካቆምኩ ቆየሁ። አሳፍራታለሁ ብዬ ፈራሁ።

መልስ፦ ማሳፈሩን እንኳ ይተዉት፣ እርስዎ ሊፈሩ የሚገባው ልብዎን ነው። የደም ግፊት፣ ስኳር፣ ሲንቀሳቀሱ የደረት ሕመም ካለብዎት ከመመዝገብዎ በፊት ሐኪም ያማክሩ። ጤነኛ ከሆኑ በፈጣን እርምጃ ይጀምሩ፣ ከዚያ አጫጭር ሶምሶማ ያስገቡበት፣ በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ይጨምሩ። ልጅዎን አብረው ይውሰዷት፤ «አባዬ ዛሬ አንወጣም እንዴ?» የምትል ልጅ ቤት ውስጥ ካለች መስነፍ ይከብዳል።

ጥያቄ፦ የ13 ዓመት ልጄ ከእኔ ትፈጥናለች። አብራኝ መሮጥም ያሳፍራታል መሰለኝ። ትሂድ?

መልስ፦ የሩጫው ደንብ ከፈቀደ ትሂድ። ዕድሜው እንደየዝግጅቱ ይለያያል፤ ፓርክረን ለምሳሌ በ5 ኪሎ ሜትር ሩጫው ላይ ከ11 ዓመት በታች ያለ ልጅ አብሮት ያለው አዋቂ እጅ ከሚደርስበት ርቀት እንዳይወጣ ያዛል። ከመነሳታችሁ በፊት መገናኛ ቦታ ወስኑ። «መጨረሻው ጋ» አይባልም፣ እዚያ ሕዝብ ነው ያለው። «ከመድረኩ በስተግራ ያለው በር» ያለ ነገር ይሁን። ስልክ ቁጥርሽን ከደረት ቁጥሯ ጀርባ ጻፊ። መነሻው ላይ አብራችሁ ፎቶ ተነሱ፣ ከዚያ ልቀቂያት።

ጥያቄ፦ ልጄ ከሩጫ በኋላ ተረከዙን ያመዋል። 11 ዓመቱ ነው። ታግሶ ይሩጥ?

መልስ፦ አይታገስ። በዚህ ዕድሜ የተረከዝ አጥንት ገና እያደገ ስለሆነ የእግር ጅማቱ ሲስበው መታመሙ የተለመደ ነው። አብዛኛውን ጊዜ በእረፍትና ተረከዙን በሚደግፍ ጫማ ይሻለዋል። የሚያነክስ ወይም የማይተወው ከሆነ ሐኪም ይየው።

ጥያቄ፦ ቁርስ እና ጫማ?

መልስ፦ የለመደውን ቁርስ፣ ቀለል አድርጎ፣ ሁለት ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ። ጫማም የለመደውን። አዲስ ጫማ የተገዛ እንደሆነ ከዚያ በፊት ጥቂት ቀን ይልመደው፤ ከረጅሙ ጣቱ ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ክፍት ቦታ ይኑረው።

ጥያቄ፦ ትልቁ ልጄ ሲሮጥ ሕፃኗን በጋሪ እየገፋሁ ብከተለውስ?

መልስ፦ መጀመሪያ ደንቡን አንብቢ፣ ጋሪ የማይፈቅዱ ሩጫዎች ብዙ ናቸው። ከተፈቀደም ተራ ጋሪ አይሆንም፤ ለሩጫ የተሠራ፣ ትልልቅ ጎማ፣ ፍሬንና የእጅ ማሰሪያ ያለው ይሁን። ሕፃኗም አንገቷ በደንብ መጽናት አለበት፣ ከ6 ወር በታች ከሆነች አይታሰብም። ካልተፈቀደ አንድ ዘመድ ይዟት መጨረሻው ጋ ይጠብቃችሁ።