ማንም የማያነበው ውል

ጥያቄ፦ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው። ባልትና አዘጋጅቼ በድረ ገጽ እሸጣለሁ። የሽያጭ ውሉን ጠበቃ ጽፎልኛል፣ ግን የሚያነበው የለም። ሽሮውን ከፍቶ ከቀመሰ በኋላ «ብሬን መልሺ» የሚለኝ በዛ። ምን ይሻላል?

መልስ፦ እህቴ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔም አላነበውም። የሚገዛ ሰው ዓይኑ ያለው ዋጋውና «ክፈል» የሚለው ቁልፍ ላይ ነው፤ ስለዚህ ጭቅጭቅ የሚያመጣውን ነገር ከገጹ ግርጌ ሳይሆን እዚያው ከቁልፉ በላይ አምጪው። «የተከፈተ ሽሮ አይመለስም።» በቃ።

የጠበቃው ጽሑፍ ግን አይጣል። ክሪኤቲቭ ኮመንስ የሚባለው፣ ሰዎች ጽሑፋቸውንና ፎቷቸውን ሌላው እንዲጠቀምበት የሚፈቅዱበትን ውል የሚያዘጋጀው ድርጅት፣ ፈቃዶቹን እንዴት እንደሚያቀርብ እዪ፦ ፊት ለፊት ማንም የሚገባው አጭር ማጠቃለያ ከነምልክቱ፣ ከጀርባው ሙሉው የሕግ ጽሑፍ። አንቺም እንደዚያው አድርጊ። ሁለቱ እንዳይጋጩ ብቻ ጠበቃሽ ይያቸው።

ፊደሉንም አታሳንሺው። የኛ ፊደል ሲያንስ ይጣበቃል፣ በርካሽ ስልክ ላይማ «ጸ» እና «ጰ» አይለዩም። በመስመሮቹ መካከልም ክፍተት ተዪ።

ሌላው፣ የሰው ስልክና አድራሻ ስለምትይዢ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አንቺንም ይመለከታል። ለምን እንደምትፈልጊው ቁጥሩ ከሚሞላበት ሳጥን ሥር ጻፊ፦ «ዕቃ ለማድረስ ብቻ»። ማስታወቂያ መላክ ካማረሽ ለብቻው ጠይቂ፤ አስቀድሞ ምልክት የተደረገበት ሳጥን አውሮፓ ውስጥ እንደ ፈቃድ አይቆጠርም፣ እዚህም ደንበኛ ያናድዳል።

ከዚያ ገጹን ስልክሽ ላይ ከፍተሽ ለጎረቤትሽ ስጪና «የከፈትኩትን ትመልሺልኛለሽ?» የሚለውን መልስ ራሷ ትፈልገው። አንቺ ዝም በይ። ካጣችው ቦታውን ቀይሪ።