ትኩሳቱ ከወረደ በኋላ መርፌው ለምን አይቀነስም?

እኅቴ፣ በማጅራት ገትር የተኛው ወንድምዎ ትኩሳቱ በ3ኛው ቀን ቢወርድለትም አሁንም ሴፍትሪያክሶን የተባለው ፀረ-ባክቴሪያ መርፌ 2 ግራም በየ12 ሰዓቱ እንደሚሰጠው ጽፈው፣ ለምን እንደማይቀነስለት ወይም በክኒን እንደማይቀየርለት ጠይቀዋል። በሆስፒታል ፋርማሲ ስሠራ አንዲት እናት ባለ 1 ግራም ባዶ ጠርሙሶች በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው መጥተው፣ «አጠገቡ የተኛው የሳንባ ምች በሽተኛ በቀን 2 ሲወስድ የእኔ ልጅ ለምን 4?» ብለውኝ ነበር።

በሌላው የሰውነት ክፍል መድኃኒት ከቀጫጭን የደም ሥሮች በቀላሉ ይወጣል። በአንጎል ግን የደም ሥሮቹ ግድግዳ ሕዋሳት እርስ በርስ ተጣብቀው እንደ አጥር ስለሚከላከሉ፣ በቀላሉ የሚያልፈው በአብዛኛው መጠኑ ትንሽ የሆነና በስብ የሚሟሟ መድኃኒት ነው። ጀርመናዊው ሐኪም ፓውል ኤርሊኽ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ሥራ፣ በእንስሳት ደም ውስጥ የተጨመረ ቀለም ሌላውን አካል ሲያቀልም አንጎልን እንዳልነካው ገልጿል። ሴፍትሪያክሶን በውኃ የሚሟሟ ከመሆኑም በላይ አብዛኛው ከደም ፕሮቲን ጋር ተጣብቆ ስለሚቆይ፣ ለመሻገር ነፃ የሚሆነው ጥቂቱ ብቻ ነው። የዶዙ ከፍ ማለትም ከዚህ የመጣ ነው።

ወንድምዎን የሚመለከተው ዋናው ነገር ግን ይህ ነው፦ መድኃኒቱ አንጎልንና ሕብለ ሰረሰርን ወደከበበው ፈሳሽ (ወደ አከርካሪ ፈሳሹ) በበቂ መጠን የገባው የአንጎል ሽፋን ተቆጥቶ አጥሩ ስለላላ ነው። ሕመሙ ሲሻለው ቁጣው ይበርዳል፣ አጥሩም መልሶ ይጠብቃል፤ ስለዚህ እየተሻለው በሄደ ቁጥር የመድኃኒቱ መግቢያ ይጠብባል። ፈሳሹ ውስጥ የሰውነት የራሱ መከላከያ አነስተኛ በመሆኑ ደግሞ የተረፈውን ባክቴሪያ መግደል ያለበት መድኃኒቱ ነው። በዚህ ጊዜ ዶዙን መቀነስ በሽታው እንዲያገረሽ መንገድ መክፈት ስለሆነ፣ አስታማሚ ሁሉ ይህን ቢያውቅ ምንኛ በወደድኩ።

ክኒን ሁሉ አይሻገርም ማለቴ አይደለም። ፍሉኮናዞል በክኒን ተውጦም ወደ አከርካሪ ፈሳሹ በደንብ ስለሚገባ በክሪፕቶኮከስ ፈንገስ ለሚመጣው ማጅራት ገትር ለወራት ይሰጣል፤ ከቲቢ መድኃኒቶችም አይሶኒያዚድና ፒራዚናማይድ በሚገባ ሲያልፉ ሪፋምፒሲን የሚያልፈው በጥቂቱ ነው። በአፍ የሚወሰድ አሞክሳሲሊን ግን ለወንድምዎ በቂ መጠን አያደርስም።

ከአከርካሪው በተቀዳው ፈሳሽ ውስጥ የተገኘው ባክቴሪያ የትኛው እንደሆነ ሐኪሙን ይጠይቁ፤ ለሜኒንጎኮከስ ብዙ ጊዜ 7 ቀን ያህል ሲበቃ፣ ለኒሞኮከስ ከ10 እስከ 14 ቀን ይወስዳል።